ሲቪዋ ላይ ያጣኋት እህቴ

ቤታችሁ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቡት። ሥራ ፈላጊዎቹ ራሳችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ሲቪያችሁን አውጡና አጠገባችሁ አስቀምጡት። እያያችሁት ብንጨዋወት ይሻላል።

እኔ በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራችን ብዙ ነው፤ የዓመት ፈቃድ መመዝገብ፣ የደረጃ እድገት ማዘጋጀት፣ የተኳረፉ ሠራተኞችን ማስታረቅ ሳይቀር። ቤት ድረስ ተከትሎኝ የሚመጣው ግን የአመልካቾች ፖስታ ነው። ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ማስታወቂያ እናወጣለን፤ የትምህርት ደረጃ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት፣ ብዛት 1፣ ደመወዝ በስምምነት። በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ከ300 በላይ ማመልከቻ ይከመራል። ብዛት 1 ነው ያልነው እንግዲህ። ለእያንዳንዱ ሲቪ አንድ ደቂቃ ከሰጠሁ ብዙ ሰጥቻለሁ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ደግሞ የማየው ነገር፣ እመኑኝ፣ ብዙዎቻችሁ የምታስቡት አይደለም።

አብዛኛው ሲቪ የአመልካቹ አይደለም፤ የኮፒ ቤቱ ነው። በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ ወይም በሜክሲኮ ስታልፉ «ሲቪ እንጽፋለን» የሚል ወረቀት የለጠፉ ትንንሽ ቤቶችን ታያላችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ አንድ የተዘጋጀ ጽሑፍ አለው። ስማችሁን፣ ስልካችሁንና የተመረቃችሁበትን ዓመት ይጠይቃል፤ የቀደመውን ሰው ስም አጥፍቶ የእናንተን ይተካል፤ አትሞ ይሰጣችኋል። ልጁን አልወቅሰውም፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው አለ፤ ቶሎ ማድረስ አለበት። ነገር ግን እንዲህ የተወለዱ መንትያ ሲቪዎች እኔ ጠረጴዛ ላይ መጥተው ይገናኛሉ። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በግልም ሆነ በቡድን መሥራት የሚችል፣ የሥራ ጫናን የሚቋቋም።» በአንድ ጠዋት ይህን ዐረፍተ ነገር ከሃያ ጊዜ በላይ ያነበብኩበት ቀን አለ። አንድ ጊዜማ የአንዲት ሴት አመልካች ሲቪ መጨረሻ ላይ «ከላይ የሰጠሁት መረጃ ትክክል መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ከሚለው በታች የማናውቀው ወንድ ስም ታትሞ አገኘን። ልጁ ማጥፋት ረስቶ ነዋ!

የራሳችን ታሪክ እያለን ለምን የሰው ቃል እንዋሳለን? ስንፍና ብቻ አይመስለኝም። ያደግንበት ቤት ነው። «ራሷን የምታወድስ» መባል እኛ ዘንድ ስድብ ነው። እንግዳ መጥቶ ወጡን ሲያደንቅልን «ኧረ ምን ወጥ ነው፣ ተቻኩዬ የሠራሁት» እንላለን። ይህ ጨዋነት ለእንግዳ ያምራል። ሲቪ ስንጽፍ ግን አብሮን ይገባና ወይ አፋችንን ያዘጋዋል፣ ወይ ደግሞ ራሳችንን ማመስገኑ ሲያሳፍረን የሌላ ሰው ምስጋና እንደወረደ ያስለጥፈናል። «ታታሪ ነኝ» ማለት ራስን ማመስገን ነው። «በየወሩ የ64 ሠራተኞችን ደመወዝ አዘጋጅ ነበር» ማለት ግን ጉራ አይደለም፤ የሆነውን መናገር ነው። ታታሪነታችሁን ያ ያነበበው ሰው ራሱ ይድረስበት።

64 የሚለውን ቁጥር ከየትም አላመጣሁትም። የታናሽ እህቴ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ማታ ደወለችልኝ። ባለቤቷ የሚሠራበት ድርጅት ሥራ ቀዝቅዞበት የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቀርቷል፤ አከራያቸው ደግሞ በዚያው ወር ኪራይ ጨምረዋል። መንታ ልጆቿ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። «እትዬ፣ ሥራ መግባት አለብኝ። ሲቪ አዘጋጅቻለሁ፣ እስቲ እይልኝ» አለችና በቴሌግራም ላከችልኝ።

አንድ ገጽ ተኩል ነው። ከላይ ጉርድ ፎቶ። ከዚያ ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት። ግማሽ ገጹ በዚሁ አለቀ። ቀጥሎ ትምህርት፣ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ። የሥራ ልምድ በሚለው ሥር አንድ መስመር ብቻ፤ «ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በአስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ፤ የተለያዩ የሒሳብ ሥራዎችን ማከናወን።» ከታች ያው «ታታሪ፣ ታማኝ» መጣ። በመጨረሻም የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ፤ መጽሐፍ ማንበብና ፊልም ማየት። እህቴን ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ አውቃታለሁ። ፊልም በተከፈተ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሶፋው ላይ ጭልጥ የምትል ሰው ናት። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ፈለግኳት፤ የለችም።

ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩ። ቡናው እስኪፈላ ደብተር አውጥቼ መጠየቅ ጀመርኩ። ይህቺን ሰዓት ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እናንተም ቤታችሁ ላለው ሥራ ፈላጊ እንደዚሁ ተቀምጣችሁ ብትጠይቁለት ከየትኛውም ኮፒ ቤት የተሻለ ሲቪ ይወጣችኋል።

«ጠዋት ቢሮ ስትገቢ መጀመሪያ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ያው ሒሳብ ነዋ።»

«እሱን ተይውና፣ ጠረጴዛሽ ላይ ምን ነበር?»

ሳቀች። «ደረሰኝ።»

«ስንት?»

«እንደ ቀኑ ነው እትዬ። ከጅቡቲ ዕቃ የገባ ሰሞን በቀን እስከ መቶ ይደርሳል። ፒችትሪ ላይ አስገብቼ ካልጨረስኩ ደግሞ አልወጣም፤ አለቃችን ጠዋት ሪፖርቱን ይፈልጋል።»

«ደመወዝስ ማን ነበር የሚያዘጋጀው?»

«እኔ ነኛ።»

«የስንት ሰው?»

ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ሾፌሮቹ፣ መጋዘኑ፣ ሁለቱ ሱቆች፣ ቢሮው። «ስድሳ አራት።»

«የሥራ ግብሩንና ጡረታውንስ?»

«እሱንም እኔ። እንዲያውም የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ በ2003 ሲወጣ ሁሉንም ፎርም አስሞልቼ ያስመዘገብኳቸው እኔ ነኝ። ሾፌሮቹ "ደሞዛችንን ልትቆርጪ ነው" ብለው ሊጣሉኝ ነበር እኮ!»

«ቫቱንስ?»

«በየወሩ። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አዘግይቼ ቅጣት አስከፍዬ አላውቅም።»

ይህን ስትል ቀና ብላ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትናገር አልሰማኋትም። «ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽውም?» አልኳት።

«ይሄማ ሥራዬ ነው። ለዚህ አይደል የሚከፈለኝ?»

ነገሩ ያለው እዚህች መልስ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን ሲቪ ላይ የሚጻፈው የተለየ ጀብዱ ይመስለናል፤ ሽልማት፣ የምስጋና ወረቀት፣ የውጭ አገር ሥልጠና። በየቀኑ የምንሠራውን እንደ ተራ ነገር እናየዋለን። እኔ ከዚህኛው ጠረጴዛ ወዲያ ሆኜ የምፈልገው ግን ያንኑ ተራ ነገር ነው። ነገ ሰኞ ሲመጣ ይህች ሰው ደመወዝ መሥራት ትችላለች ወይ? ፒችትሪ ታውቃለች ወይ? ወሩ ሲያልቅ የቫት ሪፖርቱ ይደርሳል ወይ? የእህቴ የመጀመሪያ ሲቪ ለአንዱም መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ «የተለያዩ የሒሳብ ሥራዎችን ማከናወን» የሚለውን ሰርዘን በቦታው አራት አጫጭር መስመር ጻፍን። በቀን እስከ 100 የሚደርስ ደረሰኝ ፒችትሪ ላይ መመዝገቧን፤ የ64 ሠራተኞችን ደመወዝ፣ የሥራ ግብርና ጡረታ በየወሩ ማዘጋጀቷን፤ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 መሠረት የድርጅቱን ሠራተኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ለጡረታ ማስመዝገቧን፤ የቫት ሪፖርቱን ለአራት ዓመት ያለ አንድ ቅጣት በጊዜው ማቅረቧን። አንዲትም የማድነቂያ ቃል የለችበትም። ጮክ ብላ አነበበችውና ዝም አለች። ከዚያ «ይህን ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ?» አለችኝ።

ቀጥለን ወደሚያስፈራው መጣን፤ ከ2007 እስከ 2015 ያለው ስምንት ዓመት። አንዲት ጓደኛዋ «እስከ 2011 እዚያው እንደሠራሽ አድርገሽ ጻፊው፣ ማን ያያል?» ብላታለች። እኛ እናያለን። የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደተሠራ በቀን ተጽፏል፤ ብዙ ማስታወቂያዎችም ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ለመሆኑ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ሲቪው ሌላ፣ ደብዳቤው ሌላ ሲናገር አመልካቹ እዚያው ላይ ወደቀ። የሒሳብ ሠራተኛ ስትሆኑ ደግሞ ይብሳል፤ ገና ሳትቀጠሩ የማይገጥም ሒሳብ አቀረባችሁ ማለት ነው።

ባዶ መተውም አይረዳም። ባዶ ቦታ ላይ የሚያነበው ሰው የራሱን ታሪክ ይጽፍበታል፤ ታማ ነበር? ተባርራ ነው? ኧረ ምን ሆና ነው? ሁለት መስመር ቢጻፍበት ይህ ሁሉ ግምት ይቀራል።

«ስምንት ዓመት ምን ሠራሽ?» ስላት «ምን እሠራለሁ፣ ልጅ አሳደግኩ» አለች። ሌላስ? ሌላ ምንም። ባለቤቷ ከሳሎን ሆኖ ሰምቶን ኖሮ «እድሩንስ?» አለ።

ለካ የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ ከሆነች አራት ዓመቷ ነው! እድሩ 210 አባላት አሉት። እሷ ስትረከብ መዝገቡ ሦስት ደብተር ላይ የተበታተነ፣ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ የማይታወቅ ነበር። ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ኤክሴል ላይ አስገባችው። ሰው ሲሞት የሐዘንተኛው ገንዘብ በዚያው ቀን መውጣት አለበት፤ ነገ ይደርሳል የሚባል ነገር የለም። በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ሒሳቡን ታቀርባለች፤ ጡረተኞቹ አባላት ደግሞ ከየትኛውም ኦዲተር በላይ ናቸው፤ የአሥር ብር ልዩነት አያልፋቸውም። ይህን ሁሉ «ሌላ ምንም» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገራችሁ፤ የእድር ሥራ ለቅጥር እንደ ዓመት ልምድ አይቆጠርም። ማስታወቂያው 2 ዓመት ካለ ያንን የሚያሟላላት የአስመጪው ድርጅት አራት ዓመት ነው። እድሩ የሚጠቅማት በሌላ በኩል ነው። ከመደበኛ ሥራ ወጥታም ሙያዋን እንዳልተወች፣ ሰውም ገንዘቡን አምኖ እንደሰጣት ያሳያል። «ከ2007 እስከ 2015 ዓ.ም. በቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት ከመደበኛ ሥራ ውጪ፤ ከ2011 ጀምሮ 210 አባላት ያሉት እድር ገንዘብ ያዥ፤ የእጅ መዝገቡን ወደ ኤክሴል ማዛወር» ብለን ጻፍን። የእድሩ ሊቀመንበር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲሰጧት «ልትለቂን ነው እንዴ?» ብለው ደንግጠው ነበር አሉ።

ከገጹ ላይ ያወጣነውም አለ። የእናት ስም፣ ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት ሁሉ ተሰረዙ። ማስታወቂያው ካልጠየቀ ፎቶም አያስፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በብሔር ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ እኛ ግን ማንም ሳይጠይቀን ራሳችን አቅርበን እንሰጣለን። «ሁለት ልጆች» የሚለውን የሴት ሲቪ ላይ አይቶ «ይቺ በየሳምንቱ ልጅ አመመኝ ልትል ነው» የሚል ሰው ከቅጥር ኮሚቴ አይጠፋም። ያው ሰው የወንድ ሲቪ ላይ «ሁለት ልጆች» ሲያነብ «ኃላፊነት የሚሰማው ነው» ይላል። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ አፍ ሰምቻለሁ። አሜሪካ ያለው የአጎታችን ልጅ «ሬዙሜ» የሚሉትን ሲያሳየኝ ፎቶም፣ ዕድሜም፣ ትዳርም የለበትም፤ እዚያ እንደ ነውር ነው የሚታየው። እኛም ብንለምደው ምን ይለናል?

አሁን ደግሞ ሲቪያችሁን አንሱና ቀኖቹን እዩ። ይህ የእኛ አገር ሰው የሚደርስበት ጣጣ ነው። አንድ ወጣት በሐምሌ 2008 ተመረቀ እንበል። ዲግሪውን በአማርኛው ዘመን አቆጣጠር 2008 ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያ ሥራው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ኦክቶበር 2016» ብሎ ገለበጠው። በእውነቱ የተቀጠረው በተመረቀ በሦስት ወሩ ነው። ሲቪው ላይ ግን ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላል። ይህን የሚመስል ሲቪ ደጋግሜ አጋጥሞኛል፤ የውጭ ዜጋ ያለበት ኮሚቴ ውስጥ ደግሞ «ይህ ልጅ ስምንት ዓመት የት ነበር?» የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በእንግሊዝኛ ከጻፋችሁ ሁሉንም በፈረንጅ ቀን፣ በአማርኛ ከጻፋችሁ ሁሉንም በእኛ ቀን አድርጉት። የትኛው እንደሆነም አንድ ቦታ ላይ ጥቀሱ።

ስምም እንዲሁ ነው። ጸሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። ዲግሪው ላይ በአንዱ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላው፣ ፋይዳው ላይ በሦስተኛው። ሲቪያችሁ ላይ ዲግሪያችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉት፤ የአባትና የአያት ስምም ሳይጎድል። ማስረጃና ሲቪ ሲመሳከር ፊደል የምትቆጥር ሰው ቢሮ ውስጥ ሁሌም አለች። እኛ ቢሮ እኔ ነኝ።

ስለ ርዝመት ብዙ አልልም፤ ለጀማሪ አንድ ገጽ፣ ልምድ ላለው ሁለት ይበቃል። በኢሜይል ከላካችሁ በስልክ ያነሳችሁትን ፎቶ ሳይሆን ፒዲኤፍ ላኩ፤ የፋይሉም ስም የእናንተ ስም ይሁን። «ሲቪ የመጨረሻ የመጨረሻ 2» የሚል ፋይል ከተቀበልኩ በኋላ የማን እንደሆነ ለማወቅ መክፈት ይኖርብኛል። ምስክር አድርጋችሁ ለምትጽፏቸው ሰዎች ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ደውዬ «እንደው ማን ናት እሷ?» ያሉኝ ምስክር አሉ።

እህቴ የዲግሪ ሰው ናት። «የምጽፈው ነገር የለኝም» ለሚሉትስ? የጎረቤታችን ልጅ ኩዌት ሰባት ዓመት ቆይታ የተመለሰች ናት። አረጋውያንን የሚንከባከብ ድርጅት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ማመልከት ፈለገች። ሲቪዋ ላይ አሥረኛ ክፍል መጨረሷ ብቻ ነው ያለው። ሰባቱን ዓመት አልጻፈችውም፤ «የሰው ቤት ሥራ ምን ተብሎ ይጻፋል?» ትላለች። ስንጠያየቅ የማዳሟን እናት፣ የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ አሮጊት፣ ለአምስት ዓመት ያስታመመች እሷ ናት። ጠዋትና ማታ ስኳራቸውን ትለካለች፣ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ሐኪሙ ሲመጣ በዓረብኛ ታስረዳለች። ታዲያ ድርጅቱ የሚፈልገው ሰው ማን ሊሆን ነው? «ኩዌት፣ በግል መኖሪያ ቤት» ብለን ርእስ ሰጠነውና ይህንኑ ጻፍነው። የምስክር ወረቀት የላትም፤ ግን የአሮጊቷ የልጅ ልጅ እስከ ዛሬ በኢሞ ትደውልላታለች። ልጅቷን አስፈቅዳ ቁጥሯን ምስክር አድርጋ አስገባች። ድርጅቱም ደውሎ አነጋግሯታል።

ለአዲስ ተመራቂም ያው ነው። የወንድሜ ልጅ «አክስቴ፣ ዜሮ ዓመት ነው ያለኝ» ሲል ሰማሁት። መርካቶ አባቱ ሱቅ ውስጥ አራት ክረምት ዕቃ ሲቆጥርና ሲሸጥ የኖረው ማን ነው? ልምምድ ላይ በወጣበት ሁለት ወርስ ምን ሠራ? የመውጫ ፈተናውን ውጤትም ጥሩ ከሆነ ይጻፈው፤ ከ2015 ጀምሮ ማንም ቀጣሪ የሚረዳው መለኪያ ሆኗል።

አሁን ሥራ ላይ ላላችሁት አንድ ነገር ልጨምር። አዋጅ 1156/2011 አሠሪው፣ ሠራተኛው ሲለቅ ወይም በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሥራ ስትለቁ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ድርጅቶች ይዘጋሉ፣ ይሸጣሉ፣ አለቆች ይቀየራሉ። የእህቴ የቀድሞ ድርጅት ዛሬ የለም። ደብዳቤዋን በ2007 ስትወጣ ማኅተም አስመትታ ባታስቀምጠው ኖሮ ያ ሁሉ 64 እና 100 በወሬ ይቀር ነበር። ዓመት በዓል ሲደርስ ቤት እንደምታጸዱ ሁሉ ሲቪያችሁንም በዓመት አንዴ ክፈቱት፤ የሠራችሁትን ቁጥር ሳትረሱት ጻፉት።

እህቴ ዘጠኝ ቦታ አስገባች። ያስገባችበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ የሥራ መደቡንና የቢሮውን ስልክ አንድ ደብተር ላይ እየመዘገበች። ሰባቱ መልስ አልሰጡም። አንዱ ለቃለ መጠይቅ ጠርቷት «ስምንት ዓመት ረጅም ነው» ብሎ መለሳት፤ ያን ቀን ቤት ገብታ አለቀሰች። ዘጠነኛው ሲደውል ስልኳ ተዘግቷል፤ ልጆቹ በጌም ባትሪውን ጨርሰውት። ሲቪዋ ላይ ሁለተኛ ቁጥር አድርጋ የጻፈችው አብራት የምትኖረውን የእናታችንን ነው። ከእኛ ቢሮ የሚደወለው በ011 በሚጀምር የመስመር ስልክ ነውና ብዙ ሰው የማያውቀው ቁጥር ነው ብሎ አያነሳም። እናታችን ግን የሚደወልላትን ሁሉ ታነሳለች።

«አለች፣ ምጣድ ላይ ናት። ምን ልበልላት?»

ማክሰኞ ጠዋት 2፡30 ለፈተና ትምጣ አሏት። እናታችን መጻፍ አትችልም፤ እንዳይጠፋባት «ማክሰኞ፣ 2፡30፣ ቦሌ፤ ማክሰኞ፣ 2፡30፣ ቦሌ» እያለች ወደ ማድቤት ሄደች። የድርጅቱን ስም መጠየቅ አልታወሳትም። እህቴ እጇን አጥባ ደብተሯን ገለጠች፤ ቦሌ ያመለከተችው ሁለት ቦታ ነው። ለሁለቱም ደወለች፤ ሁለተኛው ሆነ።

ፈተናው ላይ ፒችትሪ ከፍተው ኮምፒውተር ፊት አስቀመጧት። ደመወዙ ከጠበቀችው ያነሰ ነበር፤ ኪራዩን ግን ይሸፍናል። እዚያው ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። እናታችን ዛሬም የማታውቀው ቁጥር ሲደውልላት ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነው የምታነሳው።